ኮር አፕዴት፦ ዋና የሚዛን ክለሳ

ጎግል የድረ ገጾችን ደረጃ የሚወስንበትን ሥርዓት ዘወትር ይነካካል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ በስፋት ይከልሰዋል። ይህን ሰፊ ለውጥ «ኮር አፕዴት» ይለዋል። በአማርኛ «ዋና የሚዛን ክለሳ» ብንለው ያስኬዳል። የሚለወጠው መመዘኛው ስለሆነ የድረ ገጹ ባለቤት የሚጭነው ነገር የለም።

ትናንት ከላይ ይታይ የነበረ ጽሑፍ ዛሬ ታች ወርዶ ሲገኝ ብዙዎች የተቀጡ ይመስላቸዋል። ቅጣት ሌላ ነው፤ የጎግል ሠራተኞች ደንብ መጣሱን አይተው እርምጃ ሲወስዱ «ሰርች ኮንሶል» በተባለው የባለቤቶች መከታተያ ላይ መልእክት ይመጣል። በክለሳ ጊዜ ግን በስም የሚደርስ ማስታወቂያ የለም። ከክፍሉ 3ኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ነጥቡ ሳይቀንስ ሌሎች ስለበለጡት ብቻ 9ኛ ሊሆን ይችላል፤ የገጽ ደረጃም እንደዚያው ነው።

ክለሳው በአንድ ጀንበር አያልቅም። የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጀመረው እስከ ሚያዝያ 11 ድረስ 45 ቀን ፈጅቷል። በመሀሉ ደረጃ ሊወጣና ሊወርድ ስለሚችል፣ በሁለተኛው ሳምንት ደንግጦ ጽሑፉን ማፍረስ የጀመረ ሰው ገና ባልረጋ ሚዛን ላይ ነው የሠራው። የጎግል ምክር ክለሳው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ጠብቆ፣ ያን ሳምንት ክለሳው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ሳምንት ጋር ማነጻጸር ነው።

ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለአማርኛ ድረ ገጽ ግን ብቻውን አይበቃም። በዚያው ዓመት ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2፣ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። የዶሮ ወጥ አሠራር የሚያስተምር ሰው ሁለቱን ሳምንታት ሲያስተያይ የፍስክን ሳምንት ከጾም ሳምንት ጋር ማወዳደሩ ነው! አንባቢ ቢቀንስበት ጥፋቱ የጎግል ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ገጹ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ሌላው አማካይ ደረጃው ነው። የታየበት ብዛት ቀንሶ ደረጃው ካልተነቃነቀ የቀነሰው ፈላጊው ነው፤ ፋሲካን መጠበቅ ነው። ደረጃው ከ4ኛ ወደ 29ኛ ከወረደ ግን ክለሳው በእርግጥ ነክቶታል። መከታተያው የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ ያለፈውን ዓመት ጾምም ማየት ይቻላል። ብቻ በ2015 ሁዳዴ የገባው የካቲት 13 ስለነበር ቀን ከቀን ሳይሆን ጾም ከጾም ማስተያየት ይሻላል።

በእርግጥ የወረደውን ገጽ ደግሞ አሁን ከበላዩ ከተቀመጡት ጋር አብሮ ማንበብ ነው። እነሱ የሽንኩርቱንና የበርበሬውን መጠን ለይተው ጽፈው፣ የእኛው «በመጠኑ» ብሎ አልፎ እንደሆነ የጎደለው ይታያል። ያን መሙላት ይገባል። ርእስ መለዋወጥ፣ አንድን ቃል መደጋገም፣ የቆየ ጽሑፍን በጅምላ መሰረዝ ግን አይረዳም። የተሻሻለ ገጽም ቶሎ ላይመለስ ይችላል፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱም እስከሚቀጥለው ዋና ክለሳ ይቆያል። እስከዚያው አንባቢን በቴሌግራም ቻናል መያዝ የሚመከር ነው።