ማውስና መሰኪያው፦ ከእንጨት ሳጥን እስከ ካርቲየ 3

ካርቲየ 3 ማውስ ስንገዛ አንዴ ከስረናል። አረንጓዴዋን ክብ ማገናኛ ጨምረን ለደንበኛ ላክን፤ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ልክክ ብላ ገባች፣ ማውሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ ያለው የዕቃው ታሪክ ውስጥ ነው።

ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበው፣ ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የመጀመሪያው ማውስ የእንጨት ሳጥን ነበር። ከሥሩ ሁለት ጎማዎች ነበሩት፤ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ጉዞ ይለካል። ቀጥሎ ኳስ መጣ። ኳሱን አውጥተን በውስጥ ዘንጎቹ ላይ የተጋገረውን እድፍ በጥፍራችን የፋቅን ብዙ ነን! በ1999 የወጣው የማይክሮሶፍት ኢንተሊማውስ ኤክስፕሎረር ግን ኳስ አልነበረውም። ቀይ መብራት ጠረጴዛውን ያበራለታል፤ ትንሽ ካሜራ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ያነሣል፤ ምስሎቹን እያነጻጸረ ወዴት እንደሄደ ያውቃል። የመስታወት ባንኮኒ ላይ የሚደናበረውም የሚያነጻጽረው ነገር ስለሚያጣ ነው። ስትሞክሩት ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ።

ወደ መሰኪያው እንመለስ። ክቡን ባለስድስት እግር አይቢኤም በ1987 አመጣው፤ ዩኤስቢ በ1996 ተከተለ። አረንጓዴዋ ማገናኛ ውስጥ ያለው ሽቦ ብቻ ነው፣ አትተረጉምም። ሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ ያለበት ማውሱ ራሱ ነው። የእኛ ዩኤስቢ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ዩኤስቢ ካለ ግን ዊንዶውስም ማክም ያለ ችግር ይቀበለዋል። ኪቦርድ ስትገዙ ነው ዓይናችሁን መክፈት፦ የጅቡቲው ብዙ ጊዜ የፈረንሳይኛ ነው፤ «ኪው» በለመድንበት ቦታ «ኤ» ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች።