ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የትስ ያድራል?

ሐምሌ ሲገባ ቦቢ ማታ ማታ በራፋችን ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ቤት አጥቶ አይደለም። አባዬ አራት ቋሚ እንጨት ላይ ቆርቆሮ መትቶ ሠርቶለታል። ሰፊ ነው፣ በሩም ሰፊ ነው፣ ወለሉ ግን ያው እርጥብ መሬት ነው። "የራሱ ቤት አለው፣ ምን ጎደለበት?" ይላል አባዬ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው፤ አንድ የድሮ ፎቶግራፍ እስካይ ድረስ።

ፎቶግራፉን ያነሳው አውስትራሊያዊው ፍራንክ ሀርሊ ነው። ቦታው አንታርክቲካ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1915፤ እዚህ እኛ ዘንድ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ በነበሩበት ዘመን። በረዶው ላይ ትንንሽ የበረዶ ጎጆዎች ይታያሉ። ነዋሪዎቹ ውሾች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኧርነስት ሻክልተን አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ ብሎ ተነሳ። የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱለትን ውሾች ከካናዳ አስመጣ። ጥር 1915 ግን "ኢንዱራንስ" የተባለችው መርከቡ በዌዴል ባሕር በረዶ ተያዘችና መላወሻ አጣች።

የዚያ አገር ክረምት እንደኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ብርዱ ግን በእኛ ብርድ አይለካም። መርከበኞቹ ውሾቹን ወደ በረዶው አወረዷቸውና ቤት ሠሩላቸው። በየውሻው ዙሪያ የበረዶ ጡብ ደረደሩ። ጣሪያው ሳንቃና ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ በብርድ የደረቀ ቆዳ ሆነ። ጎንና ጎኑን በበረዶ ጠቀጠቁት፣ በመጨረሻም ውኃ አርከፈከፉበት። ውኃው ሲረጋ ሲሚንቶ ሆነ ማለት ነው! ስሙንም በእንግሊዝኛ ውሻ ከሚለው ቃልና "ኢግሉ" ከሚባለው የበረዶ ቤት አዳቅለው "ዶግሉ" አሉት።

በረዶ እንዴት ያሞቃል? አያሞቅም። ነፋስ ይከለክላል፣ በውስጡ የያዘው አየርም ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ምድጃው ውሻው ራሱ ነው። ቤቱ ለገላው የሚበቃ ያህል ብቻ ከሆነ በትንፋሹና በገላው ይሞቃል። እንግዲህ የቦቢን ቆርቆሮ አስቡት። ስፋቱ ሙቀቱን ይበትነዋል፣ በሩ ነፋስ ያስገባል፣ እርጥቡ መሬት ደግሞ የቀረውን ይመጠዋል።

የታሪኩ መጨረሻ ግን ደስ አይልም። ጥቅምት 1915 በረዶው መርከቧን ሰባበራት፣ በኅዳር ሰጠመች። ስንቅ እያነሰ ሲሄድ ውሾቹ በጥይት ተገደሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሚያዝያ 1916። 28ቱም ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ ከውሾቹ አንድም አልተመለሰም። የመርከቧ ስብርባሪ በ2022 ከ3,000 ሜትር ጥልቀት በታች ተገኝቷል።

"ታዲያ ለጥቅማቸው ነዋ የሠሩላቸው!" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛስ ቦቢን ያመጣነው ለምንድን ነው? ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠብቀን አይደል? እነዚያ ሰዎች ራሳቸው በረዶ ላይ ታስረው፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ቤት ሠርተዋል። እኛ ደረቅ መሬት ላይ ሆነን አንድ ሳንቃ ከበደን።

ባለፈው ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ቤቱን አሳነስነው። ወለሉን ብሎኬት ላይ በሳንቃ ከፍ አደረግነው፣ ደረቅ ጭድ ሞላንበት፣ በሩን አጥብበን ከነፋሱ አዞርነው። አባዬ ሥራው እስኪያልቅ ሲያጉረመርም ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ ግን ባትሪ ይዞ የወጣው እሱ ነው።

"ገብቷል" አለኝ ሲመለስ።