ዓይን ከውስጥ ሲመግል፦ ከደማም የብረታ ብረት ሥራ እስከ ዳህራን የዓይን ሆስፒታል

በሳዑዲ አረቢያዋ ደማም ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ከተማ ብረት በመዶሻ ሲመታ ከሚፈናጠረው ስብርባሪ አንዷ ዓይን ውስጥ ብትገባ፣ ሠራተኛው የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ ጥቂት መቆርቆር፣ ጥቂት እንባ። ፍንጣሪዋ ደቃቅ ከሆነች የገባችበት ቀዳዳ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሰውየው ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። በማግስቱ ዓይኑ ይቀላል፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ እይታው ይደበዝዛል። በጥቁሩ የዓይን ክፍል ግርጌ ነጭ መግል ረግቶ የሚታይበትም ጊዜ አለ። ሐኪሞች ኢንዶፍታልማይተስ የሚሉት ሕመም ይህ ነው፤ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሲራባ የሚመጣ።

ሕመሙን አስፈሪ የሚያደርገው የጀርሙ ዓይነት ብቻ አይደለም። የዓይንን ውስጥ የሚሞላው ቪትረስ የተባለው ዝልግልግ ነገር 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የደም ሥር የሌለው ነው። ደም ስለማይደርሰው የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ዘግይተው ይመጣሉ። በደምና በሬቲና መካከል ያለው አጥርም በደም የሚዘዋወርን መርዝ እንደሚያግድ ሁሉ መድኃኒትንም ያግዳል። ስለዚህ የዓይን ጠብታ ከዓይን ፊት ለፊት ብዙ አያልፍም፤ የሚዋጠውና በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክም አብዛኛውን ጊዜ በበቂ መጠን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከእርሻና ከአፈር ጋር የሚገናኝ ጉዳት የሚያስከትለው ባሲለስ ሴሪየስ ደግሞ በሚያመነጨው መርዝ ሬቲናን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል።

ምሥራቃዊው የሳዑዲ አረቢያ ክፍል ለዓይን ኢንፌክሽን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የነዳጅ ኩባንያው አራምኮ ከሃርቫርድ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ በዳህራን የትራኮማ ምርምር አስጀመረ። እነ ሮጀር ኒኮልስ በአል አሕሳና በቀጢፍ የቴምር ዛፍ መንደሮች ሕፃናትን እየመረመሩ ክትባት ለማግኘት ለዓመታት ደከሙ፤ ክትባቱ ግን አልተገኘም። ትራኮማን ያሸነፉት በኋላ የመጣው ንጹሕ ውኃ፣ የኑሮ መሻሻልና ሕክምና ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳዑዲ አረቢያ በሽታውን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳስወገደች ያረጋገጠው በ2022 ነው። በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ትራኮማ ዛሬም ከባድ ሸክም ነው። በሁለቱ ሕመሞች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ትራኮማ ዓይንን የሚያጠፋው በዓመታት ሲሆን፣ ዓይን ውስጥ የገባ ጀርም የሚያጠፋው በሰዓታት ወይም በቀናት ነው። ለመጀመሪያው መንደር ለመንደር የሚዞር ዘመቻ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው በሌሊት የሚነሳ የዓይን ሐኪምና ወደ እርሱ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ጀርሙ የሚገባው በጉዳት ብቻ አይደለም። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሳካ ቢሆንም፣ ከሕመምተኛው የራሱ ሽፋሽፍትና ቆዳ የተነሣ ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ሊዘልቅ ይችላል። በስኳር በሽታ ለተጎዳ ሬቲና ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም ያንኑ አደጋ ይዞ ይመጣል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስኳር በጣም የተስፋፋ በመሆኑ መርፌው የዕለት ተዕለት ሕክምና ሆኗል። ጀርሙ ከሌላ አካል በደም ተጉዞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ከጉበት መግል ተነሥቶ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ የታይዋን ሐኪሞች በ1986 ዘግበዋል፤ ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ያልፈላ የግመል ወተት በሚጠጣበት አካባቢ የሚገኘው ብሩሴላም፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። የተበከለ ጠብታም አደጋ አለው፤ በአሜሪካ በ2022 እና በ2023 በተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ የተነሣ ወረርሽኝ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎችን ያዘ፤ 4 ሰዎች ሞቱ፣ 14 እይታቸውን አጡ፣ የ4 ሰዎች ዓይንም ወጣ።

ሕክምናው የቆመው በአንድ ቀላል በሚመስል ሐሳብ ላይ ነው፦ መድኃኒቱን በሽታው ካለበት ቦታ ማድረስ። ሐኪሙ ጀርሙን ለመለየት ከቪትረስ በመርፌ ጥቂት ናሙና ይወስዳል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅም እዚያው ሁለት አንቲባዮቲክ ይወጋል፤ 1 ሚሊ ግራም ቫንኮማይሲንና 2.25 ሚሊ ግራም ሴፍታዚዲም፣ እያንዳንዱ በ0.1 ሚሊ ሊትር። ሲቀላቀሉ ስለሚረጉ በተለያየ መርፌ ይሰጣሉ። ፈንገስ ከተጠረጠረ አምፎተሪሲን ቢ ወይም ቮሪኮናዞል ይመረጣል።

ቪትረሱን ቆርጦ ማውጣት መቼ ይሻላል? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ዋናው ማስረጃ በአሜሪካ ተካሂዶ በ1995 የታተመው ጥናት ነው። ከሞራ ወይም ከሌንስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የታመሙ 420 ሰዎች ተሳትፈዋል። ብርሃን ከመለየት በላይ ለማይችሉት፣ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል 33 በመቶው ጥሩ እይታ ሲያገኙ፣ መርፌ ብቻ ከተሰጣቸው ይህን ያገኙት 11 በመቶው ነበሩ። ከዚያ የተሻለ ለሚያዩት ግን ቀዶ ሕክምናው ከመርፌው ብልጫ አላሳየም። በደም ሥር የተሰጠው አንቲባዮቲክም ለውጥ አላመጣም።

ሆኖም ጥናቱ በጉዳት የመጡትንና ጀርሙ በደም ተጉዞ የያዛቸውን አላካተተም። የመዶሻ ፍንጣሪ ያገኛቸው ሠራተኞች ከዚህ ማስረጃ ውጭ ናቸው ማለት ነው። ዓይናቸው ውስጥ ብረትና አፈር ስላለ፣ ጀርሙም ከሌላው የከፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን ቀድመው የማድረግ ዝንባሌ አላቸው። ይህ ውሳኔ የተመሠረተው ከሞራ ሕመምተኞች በተገኘ ማስረጃ ሳይሆን በሐኪሞች ልምድ ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ በቆርቆሮ፣ በብየዳና በግንባታ ለሚሠራው ሰው በቂ የተደራጀ ማስረጃ አለመኖሩ ሊያሳስብ ይገባል።

ደማምና ኮባር ተቀራራቢ ናቸው፤ በመካከላቸው ዳህራን ላይ የዳህራን የዓይን ስፔሻሊስት ሆስፒታል አለ፤ በኮባርም የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ያለፈበት፣ ካፊሉን (ስፖንሰር የሆነውን ቀጣሪውን) ጥሎ የወጣ፣ ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትሠራ ሴት፣ ሁሉም ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት ሌላ ነገር ማሰብ አለባቸው። አንዳንዱ ፋርማሲ ይሄዳል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከወሰደ ቅላቱና ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ጀርሙ ግን የሰውነት መከላከያ ተዳክሞለት ይራባል። እንዲህ ያለው ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም።

መከላከያው ከሕክምናው ይረክሳል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ዓይንን በ5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ማጠብ ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ ከ1991 ጀምሮ ይታወቃል። በ2007 የታተመ የአውሮፓ ጥናትም በቀዶ ሕክምናው ፍጻሜ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ ሴፉሮክሲም አደጋውን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሞራ ውጤት መሆኑን አሳይቷል፤ የሞራ ዘመቻ በሰፋ ቁጥር የአዮዲን ጠርሙስ ዋጋው ትንሽ ጥቅሙ ትልቅ ዕቃ ይሆናል።

ለሠራተኛው ደግሞ የሚሠራው ይህ ነው፤ ዓይኑን አይሽ፣ የተሰካ ነገር ካለ አይንቀል፣ በሚጫን ጨርቅ አይሰር፣ ጠንካራና የማይነካው ሽፋን ያድርግበት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና መጠጥ ያቁም። ከዚያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት፣ ዓይን ወደሚታከምበት ሆስፒታል ይሂድ፤ የት እንደሚሄድ ካላወቀም በሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 937 ይደውል። ለሚቀበለው ነርስ ብረት ሲመታ እንደተጎዳ በግልጽ ይንገር፤ ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ የተደበቀ ብረት በሲቲ ስካን እንዲፈልግ የሚያደርገው ይህ መረጃ ነው።