ከለር ሌዘር ፕሪንተር ለካርድ ሥራ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን ቁጥር ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ ተከታታያችን በኢንቦክስ ፎቶ ላከልን። ከጓደኛው ጋር ሆነው የዕቁብ ብር ሲደርሳቸው፣ ጨማምረውበት፣ የሰርግ መጥሪያና ቢዝነስ ካርድ ለመሥራት ከለር ሌዘር ፕሪንተር ገዙ። ካርቶኑ ላይ «ዱፕሌክስ» ይላል። ሻጩም «በሁለቱም በኩል በራሱ ያትማል» ብሏቸዋል፤ አልዋሸም። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ተጨማዶ የቀረ ባለ 250 ግራም ካርድ ነው። መጥሪያው ለቅዳሜ ይፈለግ ነበር።

ተመሳሳይ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣልን አንዴ ሰብሰብ አድርገን እንጻፈው አልን። ዋጋ አልጻፍንም፤ ዛሬ የጻፍነው በሳምንቱ ስለማይሠራ።

መጀመሪያ ግራም የሚባለውን እንያዝ። ወረቀት «80 ግራም» ሲባል አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። የተለመደው የኮፒ ወረቀት 80 ነው። መጥሪያ ብዙ ጊዜ ከ200 በላይ፣ ቢዝነስ ካርድ ደግሞ ከ250 እስከ 350 ባለው ይሠራል። ሱቅ ውስጥ «300 ነው» የተባላችሁትን ካላመናችሁ 16 ፍሬ ኤ4 ሚዛን ላይ አድርጉ። 16 ኤ4 አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሆን ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር ራሱ የወረቀቱ ግራም ነው። 240 ካለ ካርዱ 240 ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እያንዳንዱ ፕሪንተር የወረቀት ውፍረት ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ በአንድ ፊት ሲያትም የሚቀበለው፣ ሌላው በአውቶ ዱፕሌክስ ሲሠራ የሚቀበለው። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ትልቁ ነው። ለምሳሌ ብራዘር ኤችኤል-ኤል8360ሲዲደብልዩ በሁለገብ ማስገቢያው እስከ 163 ግራም ይወስዳል፣ አውቶ ዱፕሌክሱ ግን 105 ላይ ይቆማል። ማሽኑ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የተሠራው ለቢሮ ደብዳቤ ነው። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉ ብዙዎቹ የቢሮ ከለር ሌዘሮችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ሻጩን «ዱፕሌክስ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዱፕሌክሱ እስከ ስንት ግራም ነው?» በሉት። ካላወቀ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው።

ለምን ሁለት ቁጥር ሆነ? ዱፕሌክስ ሲሠራ ወረቀቱ አንደኛው ፊቱ ታትሞ ሊወጣ ሲል ወደ ኋላ ይሳብና በጠባብ ኩርባ ዞሮ እንደገና ይገባል። ስስ ወረቀት ይታጠፋል፣ ወፍራም ካርድ ግን ይገተራል። ከዚያ ሙቀቱ አለ። ቶነር ቀለም ሳይሆን የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ፊውዘር የሚባለው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል። ካርድ ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት። ቀስ ካላለ ቶነሩ በደንብ አይያዝም፤ ካርዱ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ጭቃ ይረግፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በአውቶ ዱፕሌክስ 300 ግራም እያዞሩ የሚያትሙ ማሽኖች አሉ፣ ግን የኅትመት ቤት ክፍል ናቸው። ክብደታቸውም ዋጋቸውም የጀማሪ አይደለም። እኛ ለጀማሪ የምንመክረው አውቶ ዱፕሌክሱን መርሳት ነው። አንድ ፊት ላይ የምትፈልጉትን ግራም በሙሉ ልብ የሚወስድ ፈልጉና ሁለተኛውን ፊት በእጃችሁ እያገላበጣችሁ አትሙ። ለ100 መጥሪያ የሚጨምርባችሁ ጊዜ ብዙ አይደለም። ስትመርጡ ከኋላ የሚከፈት በር ያለውን እዩ፤ በሩ ሲከፈት ካርዱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በኋላ ይወጣል። ከፊት ያለው ሁለገብ ማስገቢያም ከታችኛው መሳቢያ ይሻላል፣ ኩርባው ያንሳልና።

በእጅ ስታገላብጡ ሁለቱ ፊቶች አለመገጣጠማቸው ያበሳጫል። የመጀመሪያው ፊት ሲታተም ሙቀቱ የካርዱን እርጥበት ያወጣና ወረቀቱ በጥቂቱ ይኮማተራል። ስለዚህ አንደኛውን ፊት በሙሉ ጨርሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ስትመልሱት መጀመሪያ የገባው ጫፍ አሁንም ቀድሞ ይግባ፤ ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጡት እንጂ ጭንቅላቱን ወደ እግሩ አታድርጉት። ዲዛይኑንም በዚሁ አቅጣጫ አዘጋጁ። ለሙከራ በሁለቱም ፊት አንድ ቦታ ላይ የመስቀል ምልክት አትሙና መስኮት ላይ ይዛችሁ ልዩነቱን ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ልዩነት ለዴስክቶፕ ሌዘር ጥሩ ነው። በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን መስመር ከመሥራት ግን ተቆጠቡ፣ ትንሿን ስህተት ሁሉ የሚያሳብቅ እሱ ነው።

ቢዝነስ ካርድ 90 በ55 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነጭ ጀርባ ካለው ኤ4 ላይ 10 ይገባል። ጀርባው ባለቀለም ከሆነና በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ከተዋችሁ ወደ 8 ይወርዳል። ዋጋ ስትሰጡ በ10 አስባችሁ በ8 እንዳትሠሩ። ኤ4 ሌዘር እስከ ወረቀቱ ጫፍ አያትምም፤ መቁረጫ የግድ ነው።

ከስልክ የምታትሙ ተጠንቀቁ። ከስልክ ስትልኩ «ወፍራም ወረቀት» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ አይወጣም፣ ፕሪንተሩም 80 ግራም መስሎት በሙሉ ፍጥነት ያልፋል። መጀመሪያ ፕሪንተሩ ራሱ ላይ የማስገቢያውን የወረቀት ዓይነት ቀይሩ። ካንቫ ላይ የሠራችሁትንም በፒዲኤፍ አውጡ። በቴሌግራም ስትላላኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን። በፎቶ ከሄደ የትናንሽ ፊደሎች እግር ይደበዝዛል፣ «ቸ»ና «ሸ» ማንነታቸውን ያጣሉ።

ቶነር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «3000 ገጽ» የሚባለው እያንዳንዱ ቀለም የገጹን 5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሸፍን ነው። መጥሪያችሁ ግማሹ በቀይ የተሞላ ከሆነ 3000 የተባለው ወደ 300 ይወርዳል። በዚያ ላይ ከማሽኑ ጋር የሚመጡት አራቱ ቶነሮች ብዙ ጊዜ ጎደሎ ናቸው። ሒሳብ ስትሠሩ የአራቱንም ዋጋ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ማሽኑ ረክሶ ቶነሩ የማይገኝ ሞዴል ዕቃ አይባልም።

ወርቃማ ቀለም የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም። ተራ ከለር ሌዘር ወርቅ አያትምም፤ ስክሪን ላይ ያበራው ካርዱ ላይ የሰናፍጭ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ግን ሌዘር አንድ ጸጋ አለው፦ ጽሑፉን በጥቁር አትማችሁ ለቶነር የተሠራ የወርቅ ፎይል ደርባችሁ በላሚኔሽን ማሽን ብታሳልፉት ፎይሉ ቶነሩ ላይ ብቻ ይለጠፋል። ኢንክጄት ይህን አይሰጣችሁም። በነገራችን ላይ የኢንክጄት ፎቶ ፔፐር ሌዘር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ ሽፋኑ ፊውዘሩ ላይ ይቀልጥና ማሽኑን ይዞት ይሄዳል። አንጸባራቂ ካርድ ከፈለጋችሁ «ለሌዘር» የተባለውን ግዙ።

መብራት! ፊውዘሩ ሲሞቅ በቅጽበት ከ1000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ለኮምፒውተር የገዛችሁት ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩት፣ ዩፒኤሱ ነው የሚጎዳው። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ውስጥ የቀረውን ካርድ ሳትቸኩሉ በሩን ከፍታችሁ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ሳቡት፤ ፊውዘሩ ግን እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ክረምት ላይ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። እርጥበት የጠጣ ካርድ ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለ ካርድ ደግሞ ጃም ያደርጋል።

ስላሽ ልትገዙ ከሆነ የአጠቃቀም ገጹን አሳትሙ። እስካሁን ስንት ገጽ እንዳተመ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የፊውዘሩና የቤልቱ ቀሪ ዕድሜ ይወጣል። ያንን ሳያሳይ «ብዙም አልሠራ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ።

አዲስም ይሁን ስላሽ፣ ሱቅ ስትሄዱ የምትሠሩበትን ካርድ 10 ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ። በሁለቱም ፊት አስትሙት። አንዱን ቀለም ያለበት ቦታ ላይ አጥፉትና በጥፍራችሁ ፋቁት። ዱቄት ከረገፈ የወፍራም ወረቀት ምርጫውን አስቀይራችሁ ድገሙ፤ አሁንም ከረገፈ ያ ማሽን ለእናንተ ካርድ አይሆንም። ሻጩ «በካርድ አይሞከርም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የዱፕሌክስ ቁጥሩ ያልተገኘላችሁ ሞዴል ካለ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንፈልጋለን።