ያለ ደብዳቤ የተከፈተው በር፦ የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን የበጎ አድራጎት ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ድሃው ግን እንደ ልቡ አይገባባቸውም ነበር። ሆስፒታሎቹ የሚተዳደሩት ባለጸጎች በሚያዋጡት ገንዘብ በመኾኑ፣ ሕመምተኛው ለመታከም ከአዋጪዎቹ የአንዱን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ነበረበት። ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማዋ የገባና የሚያውቀው ሰው የሌለው ድሃ ይህን ደብዳቤ ከየትም አያገኝም።

ዊሊያም ማርስደን የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ችግሩን በዓይኑ አየ። የሆስፒታሉ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 አንዲት ወጣት በጠና ታማ ሆልቦርን በተባለው ሰፈር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወድቃ አገኛት። ሆስፒታል ሊያስገባት ቢደክምም ደብዳቤ ስላልነበራት የሚቀበላት ጠፋ፤ ብዙም ሳትቆይ ሕይወቷ አለፈ።

ማርስደን በማግሥቱ ዓመት፣ በ1828፣ በግሬቪል ጎዳና በሚገኝ አንድ ቤት ነጻ የሕክምና መስጫ ከፈተ። መታመምና መቸገር ብቻ ለመታከም በቂ ኾኑ፤ ደብዳቤ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1832 ኮሌራ ለንደንን ሲያጠቃም በሩን ለበሽተኞች ክፍት አድርጎ ቆየ። ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት በ1837 ተቋሙ «ሮያል ፍሪ» የሚለውን ስም አገኘ፤ ትርጉሙም «ንጉሣዊ ነጻ» ማለት ነው። ኋላም ግሬይስ ኢን ወደተባለው ጎዳና ተዛወረ።

በሩ የተከፈተው ለሕሙማን ብቻ አልነበረም። የለንደን ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሴቶችን አንቀበልም ባሉበት ዘመን፣ በ1877 ሴት የሕክምና ተማሪዎች በሮያል ፍሪ የተግባር ትምህርት እንዲከታተሉ ተፈቀደ።

ነጻ ሕክምና ግን የራሱ ፈተና ነበረው። የሕመምተኛው ቁጥር ሲበዛ፣ መክፈል የሚችሉ ሰዎች የድሃውን ስፍራ ይሻማሉ የሚል ስጋት ተነሣ። በ1895 ሜሪ ስቱዋርት የተባለች ሴት የሕሙማንን አቅም እንድታጣራና የተቸገሩትን ከረድኤት ድርጅቶች ጋር እንድታገናኝ ተቀጠረች። ሥራዋ በእንግሊዝ ለሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ መነሻ ኾነ።

ሮያል ፍሪ በ1948 በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ገባ። ያን ጊዜ፣ ከ120 ዓመት በፊት በአንድ ቤት የተጀመረው ያለ ደብዳቤና ያለ ክፍያ መታከም የአገሪቱ ሕዝብ ኹሉ መብት ኾነ። ሆስፒታሉ ዛሬ ሃምፕስቴድ በተባለው የለንደን ክፍል በዚያው በጥንቱ ስሙ ያገለግላል።