አቤሜሌክን ማን ወሰደው?

ከትንቢተ ኤርምያስ ሁሉ ከልቤ የማይጠፋው ያ አሮጌ ጨርቅ ነው። ምዕራፍ 38 ላይ ይገኛል። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባ እንጀራ ሊያልቅባት ደርሷል። ኤርምያስ እጅ የሰጠ ይተርፋል ብሎ በመናገሩ መኳንንቱ የወታደሩን ክንድ ያዝላል ብለው ከሰሱትና በገመድ አውርደው መልክያ በሚባል የንጉሥ ልጅ ጉድጓድ ጣሉት። ጉድጓዱ ውሃ የለውም፤ ጭቃ ነው። ንጉሥ ሴዴቅያስ መኳንንቱን ይፈራ ስለነበር አልከለከላቸውም።

ይህን የሰማ አንድ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ፣ ኩሻዊው አቤሜሌክ፣ ንጉሡ ወደተቀመጠበት ወደ ብንያም በር ሄደ። ኤርምያስ ጥቂት ቀደም ብሎ «ልትከዳ ነው» ተብሎ የተያዘው በዚሁ በር ነበር። አገልጋዩ እዚያው በአደባባይ፣ የመኳንንቱን ሥራ ክፉ ነው ብሎ ነቢዩ በረሃብ መሞቱ እንደሆነ ተናገረ። ንጉሡ 30 ሰው ሰጠው። እሱ ግን መጀመሪያ የሄደው ከግምጃ ቤቱ ሥር ወዳለው ክፍል ነው። ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰብስቦ አወረደለትና ከገመዱ በፊት በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። ገመድ የሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ይህን አያስብም።

ከተማዋ በ587 ወይም በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደቀች። ምዕራፍ 39 አጻጻፉ የሚገርም ነው። የሴዴቅያስ ልጆች በዓይኑ ፊት ሲታረዱ፣ ከዚያም የገዛ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ቤቶች ሲቃጠሉ ከተረከ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ኤርምያስ ገና በግዞት ቤቱ አደባባይ ሳለ ለአቤሜሌክ የተላከለትን ቃል ያነሳል፦ በእግዚአብሔር ታምነሃልና ከምትፈራቸው ሰዎች እጅ ትድናለህ። መኳንንቱን ፈርቶ ነበር ማለት ነው፤ እየፈራ ነው በሩ ላይ የቆመው። ዙፋንም ሹመትም ቃል አልተገባለትም። የተሰጠው ነፍሱ ብቻ ነው።

በሰፈራችን በሸጎሌ ይህ ታሪክ ሲሰበክ እልልታው ይደምቃል፤ በአማርኛው «ኢትዮጵያዊው» ስለሚባል አገራችን ተጠርታለችና። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አያታቸው ከቤኒ ሻንጉል ለመጡ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ነገሩን ሳጫውታቸው አዳመጡኝና «ለመሆኑ ጋሼ መምህር፣ እዚያ አገር ማን ወሰደው?» አሉኝ። ታሪክ ሳስተምር ከተማሪ አፍ ያልሰማሁት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሰፈራችንን ታሪክ አስታወሰኝ። ሸጎሌ የሚለው ስም ከሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን የመጣ ነው። በ1890 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ቤኒ ሻንጉልን ሲያስገብር፣ የአሶሳው ባላባት ሼክ ሆጀሌ እስረኛ ሆነው አዲስ አበባ መጡ። በኋላ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን እንዲገዙ ተፈቀደላቸው፤ እዚህ ጉለሌም ቤተ መንግሥታቸውን አቆሙ። እስከዚህ ድረስ ባዕዱ የዳነበት ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን ከምዕራብ የሚመጣው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይመጣ ነበር። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና ሰው እየሸጡ ወደ ሱዳን በማሻገር በእንግሊዞች መዛግብት ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሳ ሴት ናቸው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ዋናው ክርክር ባርነት ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን በባርነት የመጡት ሰዎች ልጆች በሰፈሩ ምን ተብለው ይጠሩ እንደነበር ሸጎሌ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ የአቤሜሌክ አገር የት ነው? በዕብራይስጡ የተጻፈው ኩሽ ነው። በነቢያት ዘመን ኩሽ ማለት በዋናነት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኑቢያ ምድር፣ የዛሬው ሱዳን ነው። ከኤርምያስ ዘመን መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግብፅን የገዙት የናፓታ ነገሥታት፣ መጽሐፈ ነገሥት የሚያነሳው ቲርሐቅም ጭምር፣ ከዚያ የወጡ ናቸው። ካርታ ዘርግቶ ላየው የሼክ ሆጀሌ አገር ከጉለሌ ይልቅ ለዚያ ምድር ይቀርባል። እልልታውን ለማብረድ አይደለም ይህን የምለው። እልል የምንለው ለማን እንደሆነ ብናውቅ ግን አይከፋም፤ አገሩ ርቆበት በሰው ቤት የሚያገለግል ሰው ነው። ማን እንደወሰደው መጽሐፉ አይናገርም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ላይ ባዕዱና ጃንደረባው ከእግዚአብሔር ሕዝብ ተለይተናል እንዳይሉ የሚያጽናናው ቃል ለሁለት ሰዎች የተነገረ ይመስላል፤ አቤሜሌክ ሁለቱንም ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ኤርምያስ ይህ ሰው የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ ይለምንለታል። አቤሜሌክ ለሕመምተኞች በለስ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ የአትክልት ቦታ ይላካል፤ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ይልና 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በለሱ ከነወተቱ ትኩስ ነው፤ ከተማይቱ ግን ጠፍታበት መንገድ የሳተ ይመስለዋል። ደራሲው ሴዴቅያስን ሳያስብ የጻፈው አይመስለኝም፤ ንጉሡ እንዲያይ ተደርጎ ዓይኑ ጠፋ፣ አገልጋዩ እንዳያይ ተደርጎ ዳነ። ያማረ ትረካ ነው። ሆኖም እኔ የነቢዩን አጭር ቃል እመርጣለሁ። እዚያ ያለው አቤሜሌክ ነቅቶ፣ ጭሱን እያየ፣ ነፍሱን ይዞ የወጣ ሰው ነው።

ወዴት እንደወጣ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች የተረፉት አይሁድ ኤርምያስን ይዘው ወደ ግብፅ ይሰደዳሉ። ምዕራፍ 44 ጳትሮስ የሚለውን የላይኛውን ግብፅ ጭምር ይጠቅሳል፤ ከጳትሮስ ቀጥሎ ኩሽ ነው። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ነገሩ ያለቀለት መሰላቸው፤ «በቃ፣ አገሩ ገብቷላ!» አሉኝ። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ መንገዱ ግን በዚያ በኩል ነበር።