ግድያን የሚያነሡ ዘፈኖች በአሜሪካ፤ ሮክና ሂፕ ሆፕ

«ሂፕ ሆፕ ወጣቱን ጠብና ግድያ ያስተምራል፤ የቀድሞው ሮክ ግን ለጭፈራ ብቻ ነበር» የሚል አስተያየት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ይሰማል። ይህን አስተያየት ከመቀበል ወይም ከመጣል በፊት፣ ሁለቱ የሙዚቃ ዓይነቶች በተወለዱበት በአሜሪካ የሆነውን መመርመር ያስፈልጋል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1895 በሴንት ሉዊስ ከተማ ሊ ሼልተን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ ባርኔጣውን የወሰደበትን ቢሊ ላየንስን በጥይት ገደለው። ወሬው ዘፈን ሆኖ አገሩን አዳረሰ። ሎይድ ፕራይስ በሮክ ኤንድ ሮል ስልት የተጫወተውም በ1959 በሽያጭ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ቀደም በ1955 ጆኒ ካሽ ሰው ገድሎ የታሰረን ሰው ሆኖ «እኔ» እያለ ዘፍኗል። በ1966 ደግሞ ጂሚ ሄንድሪክስ ከዳችኝ ያላትን ሴት ለመግደል መሣሪያ ይዞ ስለሚሄድ ሰው ተጫውቷል። እንግዲህ ግድያን ወደ ዘፈን ያስገባው ሂፕ ሆፕ አይደለም።

ሂፕ ሆፕ የተጀመረው በ1973 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በተባለው ሠፈር በተደረገ የጭፈራ ግብዣ ነው። በ1982 የወጣው «ዘ ሜሴጅ» የተሰኘ ዘፈን የድሆችን ኑሮ አነሣ። በ1988 ኤን ደብልዩ ኤ የተባለው የካሊፎርኒያ ቡድን የፖሊስን በደልና የጎዳናውን ጠብ በሻካራ ቃል አወጣ። በማግሥቱ ዓመት አንድ የኤፍ ቢ አይ ባለሥልጣን ለዘፈኑ አሳታሚ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈ።

ሮክም ቢሆን ከክስ አላመለጠም። በ1985 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ዘፈን ግጥሞች ምስክሮችን ሲሰማ፣ ይበልጥ የተወቀሰው ሮክ ነበር። በ1990 ጁዳስ ፕሪስት የተባለው ቡድን የሁለት ወጣቶችን ራስን የመግደል ሙከራ አነሣሥቷል ተብሎ በኔቫዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ወጥቷል። ይሁን እንጂ የክሱ ዓይነት ይለያል። ኤሚ ባይንደር የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ በ1993 እንዳሳዩት፣ ጋዜጦች ስለ ሄቪ ሜታል ሮክ ሲጽፉ የሰጉት «ልጆቻችን ይጎዳሉ» ብለው ነው፤ ስለ ራፕ ሲጽፉ ግን «አድማጮቹ እኛን ይጎዱናል» ብለው ነው። አንደኛው አድማጭ ተጎጂ፣ ሁለተኛው አደገኛ ሆኖ ታየ።

በ1992 የሆነው ይህንን ያጠናክራል። ቦዲ ካውንት የተባለው ቡድን ፖሊስን ስለ መግደል የሚናገር ዘፈን አወጣ። የፖሊስ ማኅበራት ተቆጡ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽም አወገዙት፤ ዘፈኑም ከገበያ ወጣ። ብዙ ሰዎች «የራፕ ዘፈን» ብለው ጠሩት፤ ሙዚቃው ግን ጊታር የሚጮኽበት ሮክ ነበር። ስሙን ያገኘው ዘፋኙ አይስ ቲ ራፕ ተጫዋች ስለነበረ ነው።

ካሪ ፍሪድ የተባሉ ተመራማሪ በ1996 ጉዳዩን በሙከራ ፈተኑት። ፖሊስ ስለ መግደል የሚናገር የቆየ ሕዝባዊ ዘፈን ግጥም ለሰዎች ሰጥተው፣ ለገሚሱ «ራፕ ነው»፣ ለገሚሱ «ካንትሪ ነው» አሏቸው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ራፕ ነው የተባሉት ይበልጥ አደገኛ ነው ብለው ፈረዱ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ሂፕ ሆፕን ከወቀሳ አያድነውም። ቱፓክ ሻኩር በ1996፣ ኖቶሪየስ ቢ አይ ጂ በ1997 በጥይት ተገድለዋል። ሴትን ማዋረድም በሁለቱም የሙዚቃ ዓይነቶች ሞልቷል። ነገር ግን የፍርድ ልዩነቱ በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል። በአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ የተከሳሹን የራፕ ግጥም እንደ እምነት ቃል አድርገው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ካሊፎርኒያ በ2022 ይህንን የሚገድብ ሕግ ያወጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ አገር በሠርግ ቤት «ገዳይ» እያለ የሚፎክረውን ሰው ፖሊስ አይይዘውም፤ ፉከራ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

መምህር ሆይ! በክፍል ውስጥ አንድ ግጥም የዘፋኙንም የስልቱንም ስም ሸፍነው ለተማሪዎች ያንብቡላቸውና ፍርዳቸውን ያስጽፏቸው። ከዚያ ስሙን ይግለጡላቸው። ፍርዱ ከተለወጠ፣ የተመዘነው ግጥሙ ነበር ወይስ ሰውየው? ብለው ይጠይቋቸው።